የዛጎል መስኮት እና ሣር ያልለበሰው ቤት

እኔ ልጅ ሳለሁ ቤታችን ውስጥ የማይደክመው ሰው አልነበረም። እናቴ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኝ አንድ ነርሲንግ ሆም አረጋውያንን ስታጥብ፣ ስታለብስ፣ ከአልጋ ወደ ወንበር ከወንበር ወደ አልጋ ስታዛውር ትውልና፣ ቤት ስትገባ ጃኬቷን እንኳ ሳታወልቅ ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ ትላለች። «እስቲ ትንሽ ዝም በይልኝ ምሕረትዬ፤ ዛሬ ብዙ ሰው ሲጮህብኝ ነው የዋለው» ትለኝ ነበር። አባቴ ሌላ ስቴት ሌላ ትዳር ይዞ ስለነበር በእኔና በእሷ መካከል ስሙ አይነሳም። ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወዳለው ቤታችን አልወጣም፤ መጀመሪያው ፎቅ ላይ የሚኖሩት ፊሊፒኖዎች ዘንድ እገባለሁ። ሎርደስ የእናቴ የሥራ ባልደረባ፣ ነርስ ነበረች። ሁለቱ ተነጋግረው ሺፍታቸው እንዲተላለፍ አድርገው ስለነበር አንዷ ስትወጣ አንዷ ትገባለች። ሎርደስ ቤት በሌለችበት ሰዓት የሚጠብቁኝ አባቷ ነበሩ። ስማቸው ሲሮ ነው፤ እኔ ግን እንደ ቤተሰቡ ሁሉ «ሎሎ» ነበር የምላቸው። በቋንቋቸው አያት ማለት ነው። አጭር፣ ቀጭን፣ የእጃቸው አንጓ ሁሉ ያበጠ ሽማግሌ ነበሩ። እንግሊዝኛቸው ጥቂት ነው፤ ግን ያቺኑ ጥቂት ሳይቸኩሉ ይጠቀሙባታል።

ሎሎ ዕድሜያቸውን በሙሉ ባሕር ዳርቻ ባለ መንደራቸው ቤት ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። አሜሪካ ከመጡ በኋላ እጃቸውን አጣምረው መቀመጥ ስላልቻሉ፣ ከሕንፃው በስተጀርባ ፓርኪንጉ ዳር ባለች መጠለያ ሥር ትንሽ የሥራ ቦታ አበጅተው ነበር። አንዲት ዝገት የበላት የከሰል ግሪል፣ አንድ ጠረጴዛ፣ በቆንጣጭ ምሰሶው ላይ የተያዘች መብራት፣ ያ ነው። ቀርከሃውን የሚያመጡት ከእኛ ብዙ በማትርቀው አሌክሳንድሪያ ከተማ ከሚኖር አንድ ሰው ጓሮ ነበር። ተክሉ ግቢውን ወርሮበት ስለተማረረ «የፈለጋችሁትን ያህል ቁረጡና ውሰዱልኝ» ብሎ፣ ሎርደስ በየጊዜው መኪናዋ ጣሪያ ላይ አስራ ታመጣላቸዋለች። ሎሎ ታዲያ ቀርከሃ እንዲሁ በዘፈቀደ አይቆረጥም ይሉ ነበር። በደረቅ ወራት፣ ጨረቃ እየጎደለች ስትሄድ ይቆረጣል፤ ከዚያ ባሕር ውስጥ ተነክሮ ሳምንታት ይቆያል፤ አለዚያ ነቀዝ ይበላዋል። እዚህ ባሕር ስለሌለ በልብስ ማጠቢያ ገንዳ ውስጥ ጨው በጥብጠው ይነክሩታል። የሕንፃው ተቆጣጣሪ ስለ ገንዳው ሁለት ጊዜ መጥቶ ጠይቆ፣ መልሱ ስላልገባው ትቶት ሄዷል።

ቀርከሃ በጉልበት አይታጠፍም። ፍሙ ላይ ቀስ እያሉ ሲያገላብጡት እንደ ሰው ያልበዋል፤ ያኔ በእርጥብ ጨርቅ ይዘው ወደሚፈልጉት ጎን ያጎብጡታል። ጭሱ ጣፈጥ ያለ ሽታ ነበረው፤ የተጠበሰ በቆሎና እርጥብ ሣር አንድ ላይ የሚሸት ነገር ነው። በልግ ገብቶ ቶሎ መምሸት ሲጀምር፣ ጃኬቴን እስከ አንገቴ ዘግቼ ፍሙ አጠገብ በተገለበጠ ባልዲ ላይ እቀመጣለሁ፤ ሎሎም እጃቸው ሳያርፍ ታሪክ ይነግሩኛል።

የሚነግሩኝ ሁሉ ስለ ቤት ነበር። እሳቸው አገር የድሮ ቤት እግር አለው። መሬት ላይ አይቀመጥም፤ በቀርከሃ ምሰሶዎች ላይ ከፍ ብሎ ይቆማል። ወለሉ ከተሰነጠቀ ቀርከሃ ስለሚሠራ ነፋስ ከታች ይገባል፣ ፍርፋሪም በስንጥቁ ወደ ዶሮዎቹ ይወርዳል። ጣሪያው የዘንባባ ቅጠል ነው። ሚስማር የሚባል ነገር የለም፤ የሚታሰረው ራታን በሚሉት ጠንካራ ሐረግ ነው። እንዲህ ያለ ቤት ታዲያ ቦታ መቀየር ሲያስፈልገው አይፈርስም። የመንደሩ ወንዶች ረጃጅም ቀርከሃ ከሥሩ አሳልፈው፣ እንዳለ በትከሻቸው ተሸክመውት ይሄዳሉ።

አንድ ጊዜ ባሕሩ ዳርቻውን እየበላ ሲመጣ የአንዲት ባልቴት ቤት ወደ ኮረብታው እንዲወሰድ ተወሰነ አሉ። አርባ ሰው ተሰበሰበ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብለው ቢያነሱት ቤቱ ንቅንቅ አልል አለ። ባልቴቷ «ቤቴ መሄድ አልፈለገም» ብላ አለቀሰች። ቄስ ተጠርቶ ጸበል ረጨ፤ ቤቱ እምቢ አለ። ሰዎቹ ፈርተው ሊበተኑ ሲሉ አንዲት ትንሽ ልጅ ከወለሉ ሥር ተሽሎክልካ ገባችና አንደኛው እግር አሁንም ከኮኮናት ዛፍ ጋር በራታን ታስሮ እንደነበር አየች። ባልቴቷ ራሷ ናት ለአውሎ ነፋስ ብላ አስራው የረሳችው።

«እውነት ነው?» አልኳቸው።

ሎሎ የሸሚዛቸውን ኮሌታ ገለጥ አድርገው ትከሻቸው ላይ ያለ የቆየ ጠባሳ አሳዩኝ። «ሁለት ቀን ሙሉ በትከሻዬ የታገልኩት እኔ ነኝ» አሉ።

በዚያው ዓመት ነው የእናቴ አባት ለዓይናቸው ሕክምና ከደብረ ታቦር ወዲያ ካለ ገጠር የመጡት። አቶ መኩሪያ ነው ስማቸው፤ እኔ አባባ እላቸዋለሁ። ግላኮማ አንዱን ዓይናቸውን ጨርሶ ወስዶ ሁለተኛውን እያገባደደ ነበር። ጉልህ ብርሃን ያማቸዋል፤ ጥላና ቅርጽ ይለያሉ፤ ፊት ግን አይለዩም። እናቴ ሥራ ስትሄድ ብቻቸውን ከሚቀመጡ ብላ እሳቸውንም እኔ ወዳለሁበት ወደ ሎሎ ዘንድ ማውረድ ጀመረች። ክንዳቸውን ይዤ ደረጃውን ሳወርዳቸው እርከኑን በአማርኛ እየቆጠሩ ይወርዱ ነበር።

መጀመሪያ ላይ ሁለቱ ሽማግሌዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ፍም ይሞቃሉ እንጂ አይነጋገሩም። አንድ ቀን ሎሎ አንዲት የራታን ቁራጭ አባባ እጅ ላይ አኖሩ። አባባ ዳሰሷት፣ አጠፏት፣ በጥርሳቸው ሳብ አደረጓትና «ይሄማ ልጥ ነው» አሉ። ልጥ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። የግራር ቅርፊት ተልጦ ማገርና ግድግዳ የሚታሰርበት ነው ብለው አስረዱኝ፤ አባባም ለካ ቤት ሠሪ ነበሩ። ሎሎ ሲሰሙ ወንበራቸውን አስጠጉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ ሥራ በዛብኝ።

በየምሽቱ አንዱ ይጠይቃል፣ አንዱ ይመልሳል፣ እኔ መሃል ቁጭ ብዬ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ወዲህና ወዲያ አመላልሳለሁ። አባባ ጭቃ እንዴት በጭድ እንደሚቦካ፣ ስንት ቀን እንደሚሰነብት፣ በእግር ሲረገጥ መብሰሉ በምን እንደሚታወቅ ይናገራሉ። ሎሎ ጭቃ እንዴት ዝናብ እንደሚችል ሊገባቸው አልቻለም፤ አባባ ደግሞ እግር ያለው ቤት እንዴት ነፋስ እንደሚችል አልገባቸውም። ጨረቃዋ ላይ ግን ተስማሙ። «እኛም ዘንድ ጨረቃ ሙሉ ስትሆን የተቆረጠ እንጨት ይነቅዛል፤ ንገሪያቸው እስቲ» አሉ አባባ ደስ ብሏቸው።

ሎሎ በዚያ ወቅት የሚሠሩት ትልቅ ሥራ መስኮት ነበር። ሎርደስ አሌክሳንድሪያ ቤት ልትገዛ ስለሆነ ለሳሎኗ አራት የዛጎል መስኮቶች ቃል ገብተውላታል። ካፒዝ የሚሉት ዛጎል ጠፍጣፋ፣ የእጅ መዳፍ የሚያህል ነው። ታጥቦ፣ አሲድ ባለበት ውሃ ተነክሮ፣ ሻካራው ሲለቅ እንደ ስስ ብራና ብርሃን ያሳልፋል። በመቀስ አራት ማዕዘን ይቆረጥና በእንጨት ፍርግርግ ውስጥ በተቦረቦሩ ጠባብ መስመሮች አንድ በአንድ እየተንሸራተተ ይገባል። ሎሎ አንዱን የተጠናቀቀ ክፍል አንስተው በመብራቷ ፊት ሲይዙት፣ አባባ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸውን ከብርሃን ሳያዞሩ ቀጥ ብለው አዩ። «ይሄ አያምም» አሉ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው እስከ ዛሬ የምሸከመው።

ኅዳር ውስጥ ሐሙስ ቀን ነበር። ትምህርት ቤት ፈተና ነበረብን፣ ምሳዬን አልወደድኩትም ብዬ ጥዬዋለሁ፣ የምወደው የቴሌቪዥን ፕሮግራም ሊጀምር ግማሽ ሰዓት አልቀረውም። ሎሎ ፍርግርጉን በብርጭቆ ወረቀት እያለሰለሱ «መጨረሻ የሠሩት ቤት የማን ነበር? ጠይቂያቸው» አሉኝ።

ጠየቅሁ።  አባባ ዱላቸውን በሁለት ጉልበታቸው መካከል አቁመው፣ ሁለቱንም እጃቸውን በላዩ አድርገው ጀመሩ። ቀስ ብለው ነበር የሚናገሩት፤ የማላውቃቸው ቃላት ይበዙባቸዋል። ምርጊት፣ ወጋግራ፣ ደግሞ ሁመራ፣ ደግሞ ሰሊጥ። አስናቀ የሚል ስም ደጋግመው አነሱ። ስለ ክረምት ተናገሩ። ስለ አያቴ ተናገሩ። መሃል ላይ ቆም እያሉ እንድተረጉም ይጠብቁኝ ነበር፤ እኔ ግን «ይቀጥሉ» እላቸዋለሁ፤ መጨረሻ ላይ በአንዴ ልጨርሰው ብዬ። አብዛኛውን አልሰማሁትም። ፍሙን እያየሁ ሆዴ ይጮሃል፤ ሐሳቤ ቴሌቪዥኑ ዘንድ ነው።

ሲጨርሱ ሎሎ ወደ እኔ ዞሩ።

«ለልጃቸው የሠሩት ቤት ነው። ጥሩ ቤት ነበር ይላሉ» አልኩ።

ይኸው ነው ያልኩት። ያን ሁሉ ጊዜ የተነገረውን በሁለት ዐረፍተ ነገር ጨረስኩት።

የሎሎ ፊት በራ። ለልጅ ቤት መሥራት እሳቸው ዘንድ ትልቅ ደስታ ነው። ሳቁ፣ አባባን ትከሻቸውን መታ መታ አደረጓቸው፣ የሻይ ኩባያቸውንም ወደ ላይ አነሱላቸው። የጣሪያውን ሣር የሚቀይርላቸው ልጅየው ነው ወይስ አባትየው አሁንም ጣሪያ ላይ ይወጣሉ ብለው ቀለዱ።

አባባ ሳቁን ሰሙ። ትከሻቸው ላይ ያረፈውን እጅ አወቁ። ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው በዝግታ «ምን አሉ?» አሉኝ።

«ጥሩ ነው አሉ» አልኳቸው።

 አባባ ዱላቸውን ተደግፈው ተነሡ። «ወደ ላይ ውሰጂኝ» አሉ። ያን ቀን ደረጃውን ስንወጣ አልቆጠሩም።

በማግሥቱ ከትምህርት ቤት መጥቼ ልወስዳቸው ስል «ደክሞኛል፤ አንቺ ሂጂ» አሉኝ። በሚቀጥለውም ቀን እንዲሁ። ሎሎ «ታመሙ እንዴ?» ሲሉኝ «ደክሟቸው ነው» አልኩ። ከላይም ከታችም አንድ ቃል ነበር የማመላልሰው። ሎሎ የአባባን ወንበር አላጠፉትም፤ በየቀኑ አቧራውን ጠርገው ፍሙ አጠገብ ያኖሩታል፤ ሲመሽ መልሰው ያስገቡታል። ሁለት ሳምንት እንዲህ አለፈ። በዚያው መሃል የአባባ ሁለተኛ የዓይን ቀዶ ሕክምና እንዳልያዘ፣ ከዚህ በኋላ የሚደረግ ነገር እንደሌለ ሐኪሙ ነገራቸው። የመመለሻቸው ቲኬት ለገና ሰሞን ተቆረጠ።

አንድ ቅዳሜ ከጠዋት ጀምሮ ይዘንብ ነበር። እናቴ ያን ቀን ዕረፍት ስለነበረች ሶፋው ላይ ተጋድማለች። አባባ መስኮቱ ዘንድ ወንበር አስጠግተው፣ ግንባራቸውን መስታወቱ ላይ አሳርፈው ዝናቡን ይሰማሉ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ጠጋ ስል «አስናቀ» ሲሉ ሰማሁ።

እናቴ ዘንድ ሄጄ «አስናቀ ማነው?» አልኳት በሹክሹክታ።

እናቴ ዓይኗን ገለጠች። «ታላቅ ወንድሜ ነበር። ማን ነገረሽ?»

«አባባ ሎሎ ዘንድ ሲያወሩ።»

ቀና ብላ ተቀመጠች። «ምን ብለው አወሩ?»

የያዝኩትን ያህል ነገርኳት። ቤት፣ ሁመራ፣ ሰሊጥ፣ ክረምት። እናቴ እጇን አፏ ላይ አድርጋ አዳመጠችኝ። ከዚያ የጎደለውን እሷ ሞላችው። አባባ ለአስናቀ የሠርጉን ቤት እየሠሩለት ነበር። ግድግዳው ቆሞ፣ የመጀመሪያው ምርጊት ተለስኖ፣ የጣሪያው ማገር ተዋቅሮ፣ የቀረው ሣሩ ብቻ ነበር። አስናቀ ለሠርጉ የሚሆነውን ሊሠራ ሁመራ ሰሊጥ አጨዳ ወረደ፤ ወባ ያዘውና በመንገድ ላይ ቀረ። አባባ ከዚያ በኋላ ቤቱን ሣር አላለብስም አሉ። አያቴ ለምናቸዋለች፣ ጎረቤት ለምኗቸዋል። ሦስት ክረምት ዝናቡ ጭቃውን እያጠበ ወስዶ እንጨቱን ብቻ አስቀረው።

«እኔ ልጃቸው ነኝ» አለች እናቴ፣ ድምፅዋ ቀንሶ። «ስለዚያ ቤት አንድ ቀን ሲያወሩ ሰምቻቸው አላውቅም። እናቴም ሳትሰማ ነው የሞተችው። ሎሎ ምን አሏቸው ታዲያ?»

 ጃኬቴን ሳልለብስ ወደ ታች ወረድኩ።

ሎሎ በዝናቡ ምክንያት ሥራቸውን ወደ ሳሎን አስገብተው፣ ወለሉ ላይ ጋዜጣ አንጥፈው ዛጎል ይቆርጣሉ። በሩ ላይ ቆሜ አንዱን ካንዱ እያቀላቀልኩ ሁሉንም ነገርኳቸው። ልጃቸው መሞቱን፣ ቤቱ ክዳን እንዳልነበረው፣ እኔ እንዳልሰማሁ፣ እንዳሳጠርኩት፣ ሲስቁ ዝም እንዳልኩ። ሎሎ መቀሱን አስቀመጡ። ሊቆጡኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ።

«ምን ያህል አወሩ ያን ቀን?» አሉኝ።

«ብዙ።»

«ለእኔ ስንት ሰጠሽኝ?»

ለቅሶዬ መጣ። ሎሎ ተነሥተው ወጥ ቤት ገቡ፤ ሩዝ አሞቁ፤ እንቁላል ጠበሱበት። አጠገቤ ቁጭ ብለው በልቼ እስክጨርስ ጠበቁኝ። ከዚያ ፊቴን እንድታጠብ ነገሩኝ፤ እሳቸውም ሸሚዝ ቀይረው፣ ጸጉራቸውን በውሃ አበጥረው መጡ። «አሁን እንወጣለን። የምለውን ሁሉ ትያለሽ። አንድም አታስቀሪም» አሉ።

አባባ አሁንም መስኮቱ ዘንድ ነበሩ። ሎሎ ፊት ለፊታቸው ወለሉ ላይ በጉልበታቸው ተቀመጡ። እናቴ ደንግጣ ወንበር ልታመጣ ስትል በእጃቸው ከለከሏት። ከዚያ መናገር ጀመሩ፤ እኔም መተርጎም።

«ልጅዎ መሞቱን አላወቅሁም ነበር ይላሉ። ስለዚህ ሳቅሁ ይላሉ። ይቅርታ ያድርጉልኝ ይላሉ።»

ሎሎ ቆም ብለው አዩኝ። የሚቀጥለውን ሲናገሩ ድምፃቸው አልጨከነም፤ ግን አልራራልኝምም።

«ያላወቅሁት ለምን እንደሆነ ልጅቱ ትነግርዎታለች ይላሉ» አልኩ፤ ከዚያም የሚተረጎም ቃል ስላልነበረ የራሴን ተናገርኩ። «እኔ ስላልነገርኳቸው ነው አባባ። ርቦኝ ነበር። አልሰማሁዎትም። ጥሩ ቤት ነበር ብቻ ነው ያልኳቸው።»

ዝናቡ መስታወቱን ይመታል። እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። አባባ እጃቸውን ዘርግተው አየሩን ዳሰሱ፤ ጭንቅላቴን ሲያገኙ እዚያው አሳረፉት።

«ስንት ዓመትሽ ነው?» አሉ።

«ዘጠኝ።»

«ዘጠኝ» አሉ ለራሳቸው። «እኔ በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ መናገር ያቃተኝን ላንቺ አሸከምኩሽ። አይፈረድብሽም።» ቀጥለው ደግሞ «ግን ለምን ጥሩ ነው አሉ አልሽኝ?» አሉ።

እጃቸው ሥር አቀረቀርኩ። 

ከዚያ አባባ እንደገና ከመጀመሪያው ተናገሩ። አንድ ዐረፍተ ነገር ይሉና ይቆማሉ፤ እኔ እላለሁ፤ ሎሎ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ቃል ሲጠፋኝ እናቴ ትረዳኛለች፤ እሷም ስታጣው አባባ በእጃቸው ያሳያሉ። ወጋግራው የቆመው ከጥድ እንደነበር፣ ምሰሶውን አስናቀ ራሱ ከጫካ ጎትቶ እንዳመጣው፣ ጭቃውን ሙሽራይቱም መጥታ አብራ እንደረገጠች። የሞቱ ወሬ የመጣው አባባ ማገሩ ላይ ወጥተው ሳሉ ነው። ከታች ሆነው ሲነግሯቸው ልጡን በጥርሳቸው ይዘው ስለነበር አልመለሱም፤ ቋጠሮውን አሥረው ከጨረሱ በኋላ ወረዱ። «ቋጠሮውን ጨርሼ ነው የወረድኩት» ሲሉ ድምፃቸው ተሰበረ፤ እኔም ያንኑ በእንግሊዝኛ ስል የእኔም ተሰበረ። እናቴ የወንድሟ ሞት ለአባቷ እንዴት እንደተነገረ ያን ቀን ነው የሰማችው።

ሎሎ፣ ከፈቀዱ የዚያን ቤት ትንሽ አምሳያ አብረን እንሥራ፣ ሣሩንም እኔ አለብሰዋለሁ አሉ። ተረጎምኩ።

አባባ ራሳቸውን ወዘወዙ። «አይሆንም በያቸው። አመሰግናለሁ በያቸው፤ ግን ያ ቤት ክዳን አልነበረውም።»

ሎሎ ይህንን ሲሰሙ ቅር አላላቸውም። «ገባኝ» አሉ፤ አልደገሙትም።

አባባ ሰኞ ዕለት ወረዱ። ከዚያ በኋላ የቀሩትን ሦስት ሳምንታት ሁለቱ አብረው መስኮት ነው የሠሩት። ዓይን የማያስፈልገው ሥራ ነበር፤ ሎሎ ይቆርጣሉ፣ አባባ ጠርዙን በአውራ ጣታቸው እየዳሰሱ ወፍራሙን ወደ አንድ፣ ስሱን ወደ ሌላ ወገን ይለያሉ፤ ከዚያ ወደየመስመሩ ያንሸራትቱታል። ሎሎ ከእሳቸው በኋላ የሚያስተካክሉት ነገር አልነበረም። አራተኛው መስኮት ያለቀው አባባ ሊሄዱ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ነው።

አባባ አገራቸው ገብተው ሁለት ዓመት ያህል ቆይተው አረፉ። ሎርደስ አሌክሳንድሪያ ገባች፤ ሎሎ ከእሷ ጋር ብዙ ዓመት ኖሩ። ኮሌጅ እያለሁ አልፎ አልፎ ባቡር ይዤ እጠይቃቸው ነበር። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በእነዚያ መስኮቶች ስትገባ ሳሎኑ በሙሉ የወተት መልክ ይይዛል። መጨረሻ ላይ ሎሎ እንግሊዝኛውን ረስተውት በራሳቸው ቋንቋ ብቻ ይናገሩ ስለነበር፣ እኔም የሚሉት አይገባኝም ነበር። እጃቸውን ይዤ እቀመጣለሁ፤ ሎርደስ ከወጥ ቤት ሆና ደስ ያላትን ትተረጉምልኛለች፤ የቀረውን ትተወዋለች። አልፈርድባትም። እሷም ከሥራ ገብታ ነው።

እኔ አስተርጓሚ ሆንኩ። አሌክሳንድሪያና ሲልቨር ስፕሪንግ ባሉ ክሊኒኮች፣ አንዳንዴም በስልክ፣ ቀኑን ሙሉ የሌላ ሰው ሕመም በአፌ ይመላለሳል። ሐኪሙ «ሕመሙ መቼ ጀመረዎት?» ይላል፤ ታማሚዋ እናት ከእኅታቸው ቀብር ይጀምራሉ። ሐኪሙ ሰዓቱን ያያል። ቀጥሎ ሌላ ሰው ይጠብቀኛል፤ ምሳ አልበላሁም፤ አንዲት ቃል ብቻ ብናገር ሁላችንም እንገላገላለን። ብዙውን ጊዜ «ረጅም ነው፤ ግን ሁሉንም እነግርዎታለሁ» እልና ከቀብሩ እጀምራለሁ።

ሁልጊዜ ግን አይሆንልኝም። የሚደክመኝ ቀን አለ፤ ያን ቀን አሳጥራለሁ፤ ማንም አያውቅብኝም። ማታ ቤልትዌይ በሚሉት አውራ ጎዳና ወደ ቤት ስነዳ ሬዲዮ አልከፍትም። የተነገረኝን እስከ መጨረሻው፣ ምንም ሳላስቀር፣ መኪናው ውስጥ ብቻዬን ጮክ ብዬ በእንግሊዝኛ እለዋለሁ። ለማንም አይጠቅምም። ሳልለው ግን ቤቴ መግባት አልችልም።